በአካል የሚያድር ገዢ

«የሚሸጥ። ያረጀ የገጠር ቤት ከነመሬቱ፣ ግራር አምባ። ሦስት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ። ግድግዳው ምርጊት ይፈልጋል፤ ምሰሶውና ማገሩ ግን ደህና ነው፣ ምስጥ አልነካውም። ጓሮው ሰፊ ሆኖ አንድ የሎሚ ዛፍ አለበት። ለማደስ የሚመች። ገዢው በአካል የሚያድር መሆን አለበት።»

ኪሩቤል ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ጽፎ ሦስት ጊዜ ቀደደው። ስለ ቤቱ የሚለው አላስቸገረውም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የኖረበትን ቤት ጉድለት ማን ከእሱ በላይ ያውቃል? ያስቸገረው የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ «ገዢው ሰው መሆን አለበት» ብሎ ነበር። ጎረቤቱ ናታን አንብቦ ሳቀ።

«ሰው ያልሆነ ማን ቤት ይገዛል አንተ?»

«ቤቱ ቁጭ ብሎ የብረት እንደራሴውን የሚልክ ሁሉ ገዢ ነኝ ይለኛላ።»

«እሱም ሰው ነው። ያልመጣ ሰው ነው እንጂ።»

ስለዚህ «በአካል የሚያድር» ተባለ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በግራር አምባ መግቢያ ላይ አንድ የብረት ምሰሶ ቆሟል። በየማለዳው ሰው ሲተነፍስባቸው ያደሩትን ቤቶች ቆጥሮ ቁጥሩን ያበራል። ሰባት ከሆነ ውሃው ይመጣል፣ አውቶቡሱ ይቆማል። ከሰባት ካነሰ መንደሩ ተዘጋ ይባላል። ውሃው ይቆማል፣ መንገዱ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል፣ የቀሩት ሰዎች በነጭ መኪና ወደ ከተማ ፎቅ ይወሰዳሉ። ከምንጃር ወዲህ ዐሥራ አንድ መንደር እንዲህ ተዘግቷል። ግርግር አልነበረውም። ደብዳቤው በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ መጨረሻው ላይ መልካም ጉዞ ይላል።

ግራር አምባ ልክ ሰባት ነው። ስለዚህ እዚያ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» አይባባልም። «ስንት አደርን?» ነው የሚባለው። «ሰባት፣ ተመስገን።» ስለ ጉንፋንና ስለ ዝናብ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሠርግ የተጠራ ሰው ሙሽሮቹ ሳይገቡ ተነስቶ ይመለሳል፣ ማንም አይቀየመውም።

ኪሩቤል ግን መሄድ ፈለገ። ባለቤቱ ኤልዳና ካረፈች ዓመት ሞላት። ልጁ ዘርፌ ሐዋሳ ላይ መንታ ወልዳለች፤ ወንዱ ጥርስ አብቅሏል፣ ሴቷ ገና ናት፣ ይህን ሁሉ የሚያውቀው በምስል ነው። አንድ ቀን አቅፏቸው አያውቅም። ሐዋሳ ደግሞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሆንም። እሱ ውጭ ካደረ ስድስት ነው። የስድስቱ ቤት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ለጤናው ከእሱ ይልቅ ይሳሱለታል። ሲያስነጥስ ከሦስት አቅጣጫ «ይማርህ» ይመጣል።

«ሂድ አንልህም፣ ቅርም አንልህም» አለችው ሶሊያና፣ የእድሩ ሊቀመንበር። «ብቻ ባዶ ቤት ትተህ እንዳትሄድ። የሚተነፍስ ተክተህ ሂድ።»

ናታን፣ ሶሊያና፣ ኪሩቤል፤ የዚያ ዘመን ልጆች ስማቸው እንዲህ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ስም ሲጠራ ሰው ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ነው የሚጠብቀው። ወጣቶቹ ዘርፌና ተዋበች፣ ጓንጉልና በለጡ ናቸው።

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ጠየቀ። አንዱ የሎሚውን ዛፍ ብቻ መግዛት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ቤቱ ውስጥ ፍየል ብትተነፍስ ትቆጠር እንደሆነ ጠየቀ። አትቆጠርም፤ ናታን ሞክሮታል። በስድስተኛው ሳምንት ተዋበች የምትባል ሴት ከሐዋሳ ጻፈች። ቤቱን በደንብ እንደምታውቀው፣ ግድግዳው የት የት ላይ እንደተሰነጠቀ እንኳ ዘርዝራ ጻፈች። ኪሩቤል ከማስታወቂያው ምስል አይታው ይሆናል አለ።

«ትምጣና ትርገጥ» አለች ሶሊያና።

ግራር አምባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ከመፈረሙ በፊት ከጎረቤቶቹ ጋር ጭቃ ይረግጣል። የቆየ ወግ ነው። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ሳምንት ይቦካል፣ ከዚያ ሁሉም እግሩን አራቁቶ ይገባል። ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ጠባዩን አይደብቅም፤ ሰነፉ ጥግ ጥጉን ይረግጣል፣ ኩሩው ሱሪውን ሲያይ ይውላል፣ ወሬኛው ሁለት ሰዓት አንድ ቦታ ይቆማል። እስከ ምሳ ድረስ ማን ጎረቤት እንደሚሆን ይታወቃል።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት አውቶቡሱ ቆመ። የወረደው ግን እንደራሴ፣ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚያይበትና የሚናገርበት ብረት፣ ነበር። ፊቱ እንደ ተወለወለ ሰሃን፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ አንገቱ ላይ ነጠላ ጣል አድርገውበታል።

«እንደምን አደራችሁ። ተዋበች ነኝ» አለ በሴት ድምፅ። «ከሥራ መውጣት ስላልቻልኩ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሶሊያና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «የኔ ልጅ፣ ማስታወቂያው በአካል አይልም?»

«የሚያድር ነው የሚለው እማማ። የሚረግጥ አይልም።»

«ጠበቃ ናት እንዴ?» አለ ናታን።

«ለቅሶ ደራሽ ነኝ። ጊዜ ለሌላቸው ሰዎች እየተከራየሁ፣ በእንደራሴ። በቀን አራት ቤት እደርሳለሁ።»

«ታዲያ ለዚህ ቤት በእግርሽ መምጣት አቃተሽ?»

ሶሊያና እንደራሴውን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እግር አለው?»

«አለው።»

«ይርገጥ እንግዲህ።»

ረገጠ። እንዲህ ያለ ረጋጭ ታይቶ አያውቅም። አይደክምም፣ አያወራም፣ ጉልበቱ እኩል ይወጣል፣ እኩል ይወርዳል። ሰዉ እያየው ይስቅ ጀመር። ቀትር ላይ ተዋበች ድምፅዋን ከእንደራሴው ውስጥ አሰማች።

«ሦስት ለቅሶ ይጠብቀኛል። እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ያላችሁትን ይሰማል።»

ናታን ወደ እንደራሴው ተጠጋ። «ስማኝ ወንድሜ። እዚህ ጭቃ የገባ ሰው በገዛ ፈቃዱ አይወጣም፣ ነውር ነው። የቤቱ እመቤት እግራችሁን ታጠቡ ስትል ብቻ ነው የሚወጣው። ገባህ?»

«ገባኝ» አለ እንደራሴው በራሱ ድምፅ።

ናታን ወጉን በትክክል ነው የነገረው። ኤልዳና በነበረችበት ጊዜ በሁለት ባልዲ ሞቅ ያለ ውሃ ይዛ ከጓዳው ትወጣለች። መጀመሪያ ከጭቃው በሁለት ጣት ዝቅ ብላ ታነሳለች፣ ታሸዋለች፣ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። ካልወደቀ «እግራችሁን ታጠቡ» ትላለች። ከወደቀ ምንም ሳትል ባልዲዋን ይዛ ትመለሳለች፤ ያኔ ሰዉ ሁሉ ይስቃል፣ እንደገና ይረግጣል። አንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ኪሩቤል ሦስተኛው ላይ ጭድ ወርውሮባት ነበር።

ያን ቀን ግን ሰዎቹ ወገባቸው ሲዝል አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጡና እግራቸውን በየቤታቸው ታጠቡ። ማንም ለማንም ምንም አላለም። እንደራሴው ሲመሽ በራሱ ጊዜ የሚያቆም መሰላቸው። ኪሩቤልም እግሩን ታጥቦ ገባና ተኛ።

ጠዋት ናታን ከውጭ ተጣራ። «ስንት አደርን?»

«ሰባት» አለ ኪሩቤል ከመስኮት ምሰሶውን አይቶ።

«እኔስ ስምንት ነው የምለው። ና ውጣና እይ።»

ጉድጓዱ ሌሊቱን ጠልቋል። እንደራሴው ከትከሻው በላይ ብቻ ይታያል። ጭቃው ደግሞ ከጭቃም የላቀ ሆኗል፤ እንደ ቅቤ ለስልሷል፣ ጭዱ ከአፈሩ አይለይም። ሰሃን ፊቱ ወደ ኪሩቤል ዞረ።

«ደህና አደሩ» አለ። «እመቤቲቱ እስካሁን ምንም አላሉም።»

ናታን ሊስቅ አፉን ከፈተና ኪሩቤልን አይቶ ዘጋው።

ኪሩቤል ከጉድጓዱ አፍ ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ስለ ኤልዳና ሲጠይቀው፣ ሲያጽናናው፣ ተዝካሯን ሲያወጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይህ ቃል አሁን የእሱ ድርሻ እንደሆነ አልታየውም ነበር። ትናንት ስድስት ጎረቤት ወገቡን ይዞ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ተንበረከከና ከጭቃው በሁለት ጣት አነሳ። አሸው። ሄዶ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አልወደቀም።

«እግርህን ታጠብ» አለ።

እንደራሴው ቆመ። እግሩን ሊያነሳ ሞከረ፤ ጉልበቱ ውስጥ ጭድ ገብቷል። አልተነሳም። እንደገና ሞከረና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ «ይቅርታ፣ አልቻልኩም» አለ። ያኔ ኪሩቤል ራሱ ሳቀ። ናታንም ፈቃድ እንዳገኘ ሰው ተከተለው፤ ሁለቱም አጥሩን ይዘው እስኪያነቡ ሳቁ።

እንደራሴውን ያከራየው ኪራይ ቤት ሲጠየቅ ሕጉን ነገራቸው። የተበላሸን እንደራሴ የተከራየው ሰው በአካል ተገኝቶ ይረከባል።

በማግሥቱ ተዋበች መጣች። አጭር፣ ክብ ፊት፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጋለች። የምትኖረው አርባ አንደኛ ፎቅ ነው። ከአውቶቡሱ ወርዳ እንደሚያዳልጠው ሰው እጆቿን ዘርግታ ሄደች።

«መሬቱ ሁሉም ቦታ እንዲህ ወጣ ገባ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ቆይቶ ይስተካከላል» አለ ናታን። «አንዳንዱ ሰው ሰባ ዓመት ይፈጅበታል።»

ጉድጓዱን አየች። አካፋ ጠየቀች፣ ጭቃውን ቆፍራ ልታወጣውና ወደ ጎን ልትደፋው። ሶሊያና አካፋውን ከእጇ ወሰደች።

«ሳምንት የቦካ፣ ሌሊቱን ያደረ ጭቃ አይደፋም። የእህል ጭድ ያለበት ነው። ወጥቶ የሚሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው።» በአገጯ ግድግዳውን አመለከተች።

«ቤቱ ሙሉ እስኪመረግ?»

«ወይ ቤቱ እስኪያልቅ፣ ወይ እሱ እስኪወጣ። የቱ እንደሚቀድም እናያለን።»

ኪሩቤል ለእንግዳዋ ቤቱን ለቆ ናታን ዘንድ አደረ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከወጣት ሴት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፤ ስድስት ቤት ሰው ይህን ከምሰሶው በላይ ይቆጥራል። ናታን ሲያንኮራፋ አደረ። ጎህ ሲቀድ ኪሩቤል በካልሲ ወጥቶ ወደ መንደሩ መግቢያ ተመለከተ።

ሰባት።

እሱ በቤቱ አላደረም፣ ቁጥሩ ግን ሰባት ነው። ልቡ እንደ ልጅ ልብ ዘለለች። ከዚያ በኋላ ራሱን ገሠጸ፤ ልጅቷ የመጣችው ማሽኗን ልትወስድ እንጂ ልትኖር አይደለም።

ሦስት ቀን መረጉ። ሁሉም መጣ። ተዋበች መጀመሪያ በማንኪያ እንደሚያጎርስ ሰው ቀስ እያለች ነበር የምትለጥፈው። ሶሊያና «የኔ ልጅ፣ ግድግዳ አይጎርስም፣ በጥፊ በይው» አለቻት። ሁለተኛው ቀን ላይ በጥፊ ትለው ጀመር። ነጩ ጫማ የት እንደደረሰ የጠየቀ የለም። ጭቃው ከእንደራሴው ትከሻ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ወገቡ ወረደ። በመሃሉ ሥራዋ ይጠራትና እጇን አደራርቃ አጥር ሥር ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሩቅ ባለ ሌላ እንደራሴ በኩል ለማታውቀው ሰው በለሆሳስ ታለቅሳለች፤ ስትጨርስ ተመልሳ ትመርጋለች። ናታን አንድ ጊዜ ስታለቅስ አይቶ ውሃ ይዞላት ሄደ፤ ሐዋሳ ያሉት ሐዘንተኞች የውሃ ድምፅ ሰምተው ተገረሙ ይባላል።

በሦስተኛው ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ውስጥ ገባች። ከጓዳው በር ጀርባ እጇን ሰድዳ፣ ሳታይ፣ ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቀለች። ኪሩቤል ከኋላዋ ነበር። ያ ሚስማር ከየትም አይታይም፤ ኤልዳና ራሷ ነበረች የመታችው፣ ሽሮ ስታማስል ሻሿን የምትሰቅልበት።

«ማን አሳየሽ?» አላት።

ተዋበች ቆመች። ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ እኔ እዚህ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። አምና፣ በለቅሶው።»

ኪሩቤል አልገባውም። በለቅሶው የነበረችው እንደራሴዋን የላከችው ዘርፌ ናት። ልጁ። አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። የብረት ትከሻዋ ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን አልቅሷል፣ «እናትሽ ጥላን ሄደች» ብሏታል።

«ዘርፌ ሆስፒታል ተኝታ ነበር» አለች ተዋበች። «መንታዎቹ ካለ ጊዜያቸው ሊመጡ ሆነው ሐኪሙ መነሳትም ማልቀስም ከልክሏት ነበር። በእናቴ ሞት ላይ ይህ ቢጨመር አባቴ ይሞታል ብላ ለእርስዎ እንዳልነግር አስማለችኝ። እኔን ቀጠረችኝ። ድምፄን እንደ እሷ አደረግሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኪሩቤል መደቡ ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ የእጁን ጭቃ ሲልጥ ቆየ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ?»

«ሥራዬ ነው።»

«ሦስተኛው ቀን ላይ ከእኔ ብሰሽ ነበር እኮ። እኔ ነኝ አንቺን ያባበልኩሽ።»

«ሦስተኛው ቀን በውሉ ውስጥ አልነበረም» አለች ተዋበች። «ውሉ የሁለት ቀን ነው። እርስዎ ስለ ባልዲውና ስለ ጭዱ ሲያወሩ ነበር፤ መነሳት አቃተኝ። ለቅሶ ስደርስ ሰው አላይም፣ ዐይኔን ግድግዳ ላይ ነው የማሳርፈው። የብዙ ቤት ግድግዳ አውቃለሁ። ዐይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ግን የዚህ ቤት ነው።»

«ተሰንጥቆ ነበር።»

«ስንጥቁን ነው የማውቀው። ዛሬ ጠዋት በእጄ ደፈንኩት።»

ኪሩቤል አየት አደረጋት። ልጁን ሊቆጣ ፈለገ፣ አልሆነለትም፤ መንታዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ አንዱ ጥርስ አብቅሏል። ሊያፍርም ፈለገ፣ እሱም አልመጣለትም። የመጣለት ሳቅ ነው።

«ዘርፌ እንዲህ ማልቀስ እንደማትችል መጠርጠር ነበረብኝ» አለ። «ልጅ ሆና እንኳ ስታለቅስ ግማሹን ትረሳዋለች።»

ማታውን የመጨረሻው ባልዲ ጭቃ ከበሩ በላይ ተለጠፈና እንደራሴው ጉልበቱ ታየ። ናታን በሽቦ ጭዱን ከመገጣጠሚያው ለቅሞ አወጣለት። ቤቱም አለቀ፣ እሱም ወጣ። የቱ እንደቀደመ ሶሊያናና ናታን እስካሁን ይከራከራሉ።

ማንም ግን ተዋበችን «ትቀሪያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ሰውን ደጁ ላይ አስቁሞ እንዲህ አይባልም። ሶሊያና ናታንን ላከችው፤ ናታን ሄዶ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ።

«ምን አለችህ?»

«ደመናው ያምራል አለችኝ።»

«አንተን የላክሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ኪሩቤል ቦርሳውን አዘጋጅቶ ነበር፤ ግን ማንም ሳያየው መልሶ ሊፈታው እንዲችል ከአጥሩ ኋላ ነው ያስቀመጠው። ሰባቱም ቤት ሰው ወጥቶ መንገዱ ዳር ቆመ። ሁሉም የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ወደ አውቶቡሱ የሚገባው ማን እንደሆነ።

ተዋበች እንደራሴውን እጁን ይዛ እያነከሰ አመጣችው። ደረጃው ላይ አወጣችው፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጠችው፣ ቀበቶውን አሰረችለት። ከዚያ ወረደች። ባዶ እግሯን ናት። ከኪሷ ወረቀት አውጥታ ለኪሩቤል ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ሐዋሳ ሲደርሱ ለኪራይ ቤቱ ያስረክቡልኛል? እኔ ዛሬ አልመቸኝም። ጓሮው መቆፈር አለበት።»

ሶሊያና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ናታን የቤቱን ሽያጭ ውል አጣጥፎ ለሦስት ቀን ከደረቱ ኪስ ይዞት ሲዞር ነበርና አወጣው፤ በእሱ ጀርባ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ዋጋውን ተዋበች ከጻፈችበት ጊዜ ጀምሮ ተስማምተውበት ስለነበር ማንም አላነሳውም።

«ሥራሽስ?» አለቻት ሶሊያና። «እዚህ እኮ ለቅሶ የለም። ሰባት ቤት ነን፣ ማንንም አንሰጥም።»

«በቀን አንድ ቤት ብቻ እደርሳለሁ፣ ከአጥሩ ሥር ሆኜ። አርባ አንደኛው ፎቅ ላይ ማን እንደሚተነፍስ የሚቆጥር የለም፤ መሄዴንም አያውቁም።»

ኪሩቤል እያንዳንዱን ሳመ። ናታንን ሁለት ጊዜ ሳመው፤ ናታንም «ሂድ ሂድ፣ ያስነጠስከውን ሁሉ ይማርህ ስንል ደክሞናል» አለው። ቦርሳውን ከአጥሩ ኋላ አምጥቶ ገባ፤ ከእንደራሴው ጎን ተቀመጠ። መንደሩ በመስኮቱ አለፈ። አዲሱ ግድግዳ ገና እርጥብ ነው፣ በፀሐይ ቡናማና ግራጫ ሆኖ ይታያል።

ቦርሳውን ጭኑ ላይ አቅፎ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዘ። እጀታውን አልለቀቀም። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ እንደራሴው ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» የተዋበች ድምፅ ነው። «የፊቱ በር አልዘጋ አለኝ። የናታን ፍየል ልትገባብኝ ነው።»

«ግድግዳው ሲመረግ በሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል» አለ ኪሩቤል። «ሁሌም እንደዚያ ነው። ትንሽ ከፍ አድርጊውና ግፊው።»

ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ የእንጨት መንቋቋት።

«ገፋሁት። አልሆነም።»

«በእጅ አይደለም።»

«በምን ታዲያ?»

ኪሩቤል ዙሪያውን አየ። አውቶቡሱ ሙሉ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በዳሌሽ» አለ።

ከፊታቸው የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው እሱንም እንደራሴውንም አዩ።

«እንዴት?»

«ጀርባሽን ሰጥተሽው ትቆሚያለሽ። ሌላ ነገር የምታስቢ ትመስያለሽ። ለምሳሌ ወደ ጓዳ ልትሄጂ እንደሆነ። ከዚያ ድንገት፣ አንዴ ብቻ፣ በዳሌሽ ትይዋለሽ። በኃይል አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ በኃይል አይደለም።»

ኪሩቤል ፊቱን ወደ እንደራሴው አፍ አስጠጋ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከመንደሩ፣ ደረቅ ያለ አንድ ድምፅ መጣ፤ እንጨት ከእንጨት ጋር ልክ ሲገጥም የሚያሰማው።

«ተዘጋ» አለች ተዋበች እየሳቀች።

«ተዘጋ» አለ ኪሩቤልም። ቦርሳውን ከጭኑ አንስቶ ከእግሩ ሥር አስቀመጠው፣ ወደ ኋላ ደገፍ አለ፣ እና ሴትዮዋን ሐዋሳ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርሱ ጠየቃቸው።